ለከርሞ

በአንድ ዩሮ ገዛኋት፤ ዕዳዋ ግን ሌላ ነበር፣
የስድስት ዓመት የማቆሚያ፣ ለሲብረን የሚከፈል ብር።
ሃርሊንገን፣ ከግድቡ ጥግ፣ ነፋስ በማይተኛበት፣
በድጋፍ እንጨት ቆማለች፣ ሣር ከሆዷ ሥር በቅሎበት፤
ዕድሜዋ ከኔ እኩያ፣ በፈረንጅ ሰባ አራት የተሠራች፣
ከመስታወት ፈትል ተሸምና፣ በሙጫ የጠነከረች።
ስሟ "ሪንስኬ" ይላል፣ ፊደሉ ግማሹ ረግፎ፣
የሻጯ ስም ነው፤ ባሏ ያኖረላት በእጁ ጽፎ።

መጀመሪያ ቆዳዋን ዳሰስኩ። ውሃ ቋጥራለች፣
ከወገቧ በታች ሽፍ ብሎባታል፣ ሰው መስላለች።
አንዱን በወስፌ ብወጋው፣ ቋቱ ፈነዳና ፈሰሰ፣
ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተ፣ ክርኔ ድረስ ደረሰ።
ሲብረን ሳቀ፦ "ፋይበርግላስ አይጠጣም ያለህ ማነው?
ሃምሳ ዓመት ውሃ ላይ የተኛ ሁሉ ይጠማዋል፣ ይኸው።"

እኔም ትዝ አለኝ የጣና፣ የደንገል ታንኳ ነገር፣
ከጉዞ መልስ ጎትተው፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ ያሰጧት ነበር።
ውሃ የጠጣች ታንኳ ትከብዳለች፣ ትሰንፋለች፣
ፀሐይ ካልመጠጠላት፣ ሰው ይዛ ትሰጥማለች።
ሪንስኬም ያው ናት፤ ግን እዚህ በመጋቢት ፀሐይ የለም፣
ማሞቂያ ተከራየሁላት፤ በሰዓት ነው፣ ርካሽ አይደለም።

ሌሊት አውቶቡስ እነዳለሁ፣ ከሌዋርደን እስከ ባሕር ዳር፣
ቀን በብርጭቆ ወረቀት እፍቃታለሁ፣ ከአፍንጫዋ እስከ ሥር።
ነጭ ብናኝ ቅንድቤ ላይ፣ አንገቴ ላይ፣ ሻዬ ውስጥ፣
መሪ ጨብጬ እስኪነጋ፣ ክንዴ ሲያሳክክ፣ ሲቆጠቁጥ።
አንድ ተሳፋሪ "ቀን ዳቦ ቤት ነው የምትውለው?" ብሎ ጠየቀኝ፣
"ጀልባ ቤት" አልኩት፤ ወረደ፤ ያመነኝ አልመሰለኝ።

የምሰሶዋን ጅማት ቀየርኩ፣ አሥሩንም የሽቦ ገመድ፣
የናፍጣ ሞተሯን ፈታሁ፣ አጠብኩት፣ ማጉረምረም እንዲለምድ፤
ሁለት የፀሐይ ሰሌዳ፣ የውሃ ጋን፣ ሦስት መልህቅ፣
የቀረውን ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ ጽፌ ጽፌ፣ አያልቅ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሰኔ፣ የመኝታዋን ሳንቃ ስፈነቅል፣
ከጀርባው ላይ በእርሳስ፣ ጥርት ያለ የሰው ቃል፦
"እዚህ ያፈሳል። ለከርሞ ይጠገን። ሰማንያ ሦስት።"
ከሥሩ፦ "ለከርሞ። ሰማንያ ሰባት።"
ከሥሩ፦ "ለከርሞ"፤ ዘጠና አንድ፤
ከዚያ ዓመቱ ብቻ፣ ቃሉም ሰልችቶት፣
ቁጥር፣ በቁጥር፣ በቁጥር ላይ።

ሪንስኬ ሐሙስ ሐሙስ በብስክሌት ትመጣለች፣
የቀለም ባልዲ ገልብጣ፣ ተቀምጣ ታየኛለች።
ሳንቃውን ሰጠኋት። መነጽሯን ጠረገች፤ አነበበች።
"አዞረስ ይለኝ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አዞረስ፣
ሩቅ የሄድነው ቴርስኸሊንግ ነው፤ ለምሳ፤ ማታ ልንመለስ።
ዶውዌ ባሕር አይፈራም" አለች፣ በአውራ ጣቷ እያሻሸች፣
"ያላለቀ ነገር ይዞ መውጣት ነበር የሚያሳፍረው" አለች።

በኛ አገር እንዲህ ያለውን ከርሞ ጥጃ ይሉታል፣
ዓመት መጥቶ ዓመት ሲሄድ፣ እዚያው ችካሉ ሥር ይገኛል።
ኪሴ ያለው ወረቀት፣ የኔው ዝርዝር፣ ከበደኝ፣
አርባ ሰባት መስመር ነው፤ ሳልገልጠው ገና አፈረኝ።
ስገልጠው በርግጥም ይላል፦
"የኋላ መስኮት፣ ለከርሞ"፤ በገዛ እጄ ተጽፏል።

ነሐሴ ሃያ ክሬኑ አንሥቶ ውሃው ላይ አኖራት፣
አልሰጠመችም። ሲብረን ጎኗን ቸብ ቸብ አደረጋት።
ማታ ዘነበ። ብቻዬን መኝታው ላይ ተጋድሜ፣
ጠብ ሲል ሰማሁ። ያው ቦታ! ሙጫ አልብሼ፣ ደግሜ ደጋግሜ!
አንዴ ጠብ፤ ዝም፤ አንዴ ጠብ። እርሳስ አነሣሁ፣
ከዶውዌ የመጨረሻ ቁጥር ሥር ባዶ ቦታ አየሁ።

እርሳሱን መለስኩት።
ከማድ ቤቷ የቲማቲም ጣሳ አመጣሁ፣
ከጠብታው ሥር ደቀንሁ።

ንጋት ላይ ድልድዩ ሲነሣ ገመዷን ፈታሁ፤ ወጣን።
አሮጊቷ ብስክሌቷን ደግፋ፣ እጇን ሳታውለበልብ አየችን።
ሸራው ሲወጠር ጣሳው ተንኳኳ። ሲሞላ እደፋዋለሁ፣
ለአንድ ጣሳ ውሃ ባሕር ቦታ አያጣም፣ አውቃለሁ።